ሆዱ ያበጠ የ.40 ቀለህ በርሜል አልገባም አለኝ፤ ዳይ ውስጥ ማሳለፍ ይበቃል?

ጋርላንድ_40 · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለሁላችሁ። ጥይት ሪሎድ ማድረግ (የተተኮሰ ቀለህን መልሶ መጫን) ከጀመርኩ ገና አራት ወሬ ነው፣ እንዳትስቁብኝ። ያለኝ ሽጉጥ ካሊበሩ .40 ነው። እዚህ አሜሪካ ፖሊሶቹ ወደ 9 ሚሜ ሲመለሱ ከሸጡት ያገለገለ መሣሪያ አንዱን በርካሽ አገኘሁ። ቀለሁን ደግሞ ከአንድ የተኩስ ልምምድ ቦታ በባልዲ ገዛሁ፤ ከስድስት መቶ በላይ ይሆናል። አጠብኩት፣ በካርባይድ ዳይ (ቀለሁን ጨምቆ ወደ ልኩ በሚመልሰው ብረት) ሳይዝ አደረግኩት፣ ጥሩ ሆነ ብዬ ስደሰት ከአምስቱ አንዱ በርሜል ውስጥ አልቀመጥም አለ። በርሜሉን ከሽጉጡ አውጥቼ ቀለሁን ስጥልበት ጥሩው "ጧ" ብሎ ይገባል። መጥፎው ትንሽ ሲቀረው ቅርቅር ይላል፣ በአውራ ጣቴ ካልገፋሁት አይወርድም።

በጣቴ ስዳብሰው ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ብሎ በአንድ ጎን ብቻ ያበጠ ነገር አለ፤ ቦርጭ በሉት። ካሊፐር ሳስይዘው በእብጠቱ በኩል 0.431 ኢንች፣ ዘጠና ዲግሪ ሳዞረው 0.424። ዳዩ ሼልሆልደሩን እስኪነካ ድረስ ወርዷል፣ ከዚህ በላይ አይወርድም። ምን ያጎደልኩት ነገር አለ?

---

ሊቀመንበር_ቀለህ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:41

እንኳን ወደ ቦርጫሞች እድር በደህና መጣህ።

አንተ ያጎደልከው የለም፤ ዳይህ ነው የማይደርሰው። የተለመደው ዳይ ቀለሁ ሳይደናቀፍ እንዲገባ አፉ ሰፋ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ከሥር ደግሞ ሼልሆልደሩ የቀለሁን ጠርዝ ጨምድዶ ይይዛል። በሁለቱ መካከል ከታች ያሉት ጥቂት ሚሊሜትሮች ሳይነኩ ይቀራሉ። ቦርጩ የሚያርፈው ደግሞ እዚያችው ላይ ነው።

መድኃኒቱ ቀለሁ ከታች ገብቶ ከላይ እንዲወጣ ጨርሶ ማሳለፍ ነው። የሊ ኩባንያ "ቡልጅ ባስተር" ርካሹ ነው። የፋክተሪ ክሪምፕ ዳይህን (የተጫነ ጥይትን አፍ የሚያጠብቀውን) የውስጥ ዕቃ ታወጣና ባዶ ቱቦ ታስቀረዋለህ፤ በሼልሆልደሩ ቦታ የመግፊያ ዘንግ ይገባል፤ ቀለሁን ዘንጉ ላይ አቁመህ የፕሬሱን (የመጫኛ ማሽኑን) እጀታ ስትጫን ከላይ ሳጥኑ ውስጥ ዱብ ይላል። ሬዲንግም ለ.40 እና ለ10 ሚሜ ጂ-አርኤክስ የሚባል አለው። ዳዩ ካርባይድ ቢሆንም ቅባት ነካ ነካ አድርግበት፣ አለዚያ ክንድህን ስታሽ ነው የምታድረው።

እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ ያገኘሁትን ሁሉ እንዲህ እያሳለፍኩ ተኩሻለሁ። ምንም አልሆንኩም።

---

ጋሽ_ቶርኖ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:05

"ምንም አልሆንኩም" የሚሉት ቃል ቶርኖ ቤት ውስጥ ስንት ጣት እንዳስቆረጠ እኔ ነኝ የማውቀው። ሊቀመንበር፣ ስለ ዕቃው ያልከው ልክ ነው። ዕቃው ሳይገዛ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ቀለሁ ለምን አበጠ?

ልጄ ጋርላንድ፣ ቀለህ የባሩድ ማስቀመጫ ብቻ አይምሰልህ። ጋስኬት ነው። ጥይቱ ሲተኮስ የነሐሱ ግድግዳ ተለጥጦ ከበርሜሉ ጓዳ፣ እናንተ ቻምበር ከምትሉት ብረት ጋር ይጣበቃል፤ ጋዙ ወደ ኋላ እንዳያመልጥ የሚዘጋው እሱ ነው። የቴስታታ ጋስኬት የተቃጠለበት ሞተር ያየ ሰው ይገባዋል። ግፊቱን አስበው። የመኪናህ ጎማ 35 ፒኤስአይ ገደማ ነው የሚነፋው። የ.40 ጥይት የተፈቀደለት ከፍተኛ ግፊት 35,000 ነው። አንድ ሺህ እጥፍ፣ ያውም ከመዳፍህ ውስጥ። .45ን ብታየው 21,000 ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው የ.45 ቀለህ እስኪሰለችህ ድረስ የሚመላለሰው።

ነሐስ ብቻውን ያንን አይችልም። የሚችለው ዙሪያውን ብረት ስለደገፈው ነው። ጥይቱ ከካዝናው እየተንሸራተተ ወደ በርሜሉ እንዲወጣ ግን ከሥር በኩል መወጣጫው ላይ ብረቱ ተሞርዶ ተነስቷል። እዚያች ቦታ ላይ ነሐሱ ራቁቱን ነው። መወጣጫው ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ራቁቱ ይሰፋል፣ ሲተኮስ ነሐሱ በዚያ በኩል ይነፋል። የአንተ ቀለህ ባንድ ጎን ብቻ ያበጠው ለዚህ ነው። አሜሪካኖቹ "ግሎክድ" የሚሉት የመጀመሪያዎቹ የ.40 ግሎኮች በዚህ ስለታወቁ ነው፤ በኋላ የወጡት ይሻላሉ። ፕራይመሩ (መቀመጫው መሃል ያለችው፣ ባሩዱን የምታቀጣጥለው) ላይ የመምቻው አሻራ ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን ቢጤ ሆኖ ካየኸው አብዛኛውን ጊዜ የመጣው ከዚያ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ሽቦ ወስደህ አንድ ጊዜ እጠፈው፣ መልሰህ አቃናው። ቀና አይደል? ይመስላል። ግን ያጠፍክበት ቦታ ጠንክሯል፣ ደጋግመህ ብታደርገው ይሰበራል። ነሐስም እንደዚያው ነው። ዳዩ የቀለሁን ቅርጽ ይመልሳል፤ የተለጠጠውን ውፍረት አይመልስም። ካሊፐሩ 0.424 ሲልህ ቀለሁ የዳነ ይመስልሃል። የሚቀጥለው ተኩስ ላይ ያ የሳሳ ቦታ እንደ ዕድልህ ወደ ላይ ሊዞር ይችላል፣ እንደ ዕድልህ እንደገና መወጣጫው ላይ ሊተኛ ይችላል። መወጣጫው ላይ ተኝቶ ከቀደደ ጋዙ ቁልቁል በካዝናው በኩል ይወርዳል። ካዝናው ተተፍቶ መሬት ላይ ይገኛል፣ እጀታው ይሰነጠቃል፣ የቀለህ መንጠቆዋ የት እንደገባች አትታወቅም። መነጽር ያላደረገ ሰው ደግሞ የሚያጣው ሌላ ነው።

ስለዚህ አትጣደፍ። መጀመሪያ በጥፍርህ ለየው። ጥፍርህን ከመቀመጫው ወደ አፉ ስትስበው እብጠቱ እንደ ኮረብታ ለስላሳ ከሆነና ከጥቂት ሺኛ ኢንች ካላለፈ አንድ ጊዜ ቢያልፍ አልከፋም። ጥፍርህ የሚደናቀፍበት እርከን ካለው፣ የጨረቃ ቅርጽ መስመር ከታየህ፣ ወይም የሚያብረቀርቅ ስስ ቀለበት ካየህ ጣለው። ጣለው ስል ወደ ሌላ ባልዲ ማለቴ አይደለም። በፒንሳ አፉን ጨፍልቀህ ጣለው፣ አለዚያ በሌላ ቀን "ይቺስ ደህና ናት" ብለህ ትመልሳታለህ።

ቀለህ መጣል እንደማይሆንልን አውቃለሁ። በምኒልክ ዘመን የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን ገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር፣ ከደማችን አልወጣም። ዛሬ ግን የአንድ .40 ቀለህ ዋጋ ሳንቲሞች ነው።

---

እሙዬ_9ሚሜ · እሑድ፣ ከጠዋቱ 1:30

ጋሼ እንዳሉት ነው። እኔ የምጨምረው የዘጠኞቹን ጉዳይ ነው፣ ምክንያቱም ይህን ክር አንብቦ የ9 ሚሜ ቀለሁን በዚያው መንገድ ለማሳለፍ የሚሞክር ሰው አይጠፋም።

.40፣ 10 ሚሜ እና .45 ኤሲፒ ግድግዳቸው ቀጥ ያለ ነው። 9 ሚሜ ሉገር ግን ከመቀመጫው ወደ አፉ እየጠበበ ይሄዳል፤ ከታች 0.391፣ አፉ ጋ 0.380 ኢንች። ስለዚህ የሊ ቡልጅ ባስተር ለእሱ አልተሠራም። የማካሮቭን ዳይ ተውሰው የሚያሳልፉ ሰዎች አሉ፣ አውቃለሁ፣ እኔም ሞክሬ ነበር። አንዱ ቀለህ መሃል ላይ ተሰንቅሮ ባለቤቴ በመዶሻ ነው ያወጣው። እንደ .38 ያለ ከንፈር ያለው የሪቮልቨር ቀለህማ ጭራሽ አያልፍም።

ውድድር ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። በዩኤስፒኤስኤ (የአሜሪካ የተግባር ተኩስ ማኅበር) ሜጀር፣ ማለትም ከፍተኛው የጉልበት ደረጃ፣ ለመባል የአረሩ ክብደት በግሬን በፍጥነቱ (ፊት በሰከንድ) ተባዝቶ ለሺህ ሲካፈል 165 መድረስ አለበት፤ ለማይነር 125 ይበቃል። ኦፕን ዲቪዥን ላይ በ9 ሚሜ ያንን 165 የሚያወጡ ሰዎች ቀለሁን ከአቅሙ በላይ ነው የሚያስሠሩት። ያንን ከሣር ላይ ለቅሞ ለተራ ሽጉጥ መጫን የሰው ችግር መውረስ ነው። መሬት ላይ የወደቀ ቀለህ በስንት ግፊት፣ በምን በርሜል፣ ስንተኛ ጊዜ እንደተተኮሰ አይነግራችሁም።

ጋርላንድ፣ መለኪያ ከመግዛትህ በፊት የራስህን በርሜል አትናቅ። የኬዝ ጌጅ ጥሩ ነው፣ እኔ መቶ የሚይዝ አለኝ፣ ከውድድር በፊት ማታ እንደ እንቁላል ደርድሬ አያለሁ። ግን ጌጁ አልፎ በርሜልህ የማይቀበለው ይኖራል፣ ጌጁ ጥሎት በርሜልህ የሚውጠውም ይኖራል። የምትተኩሰው በበርሜሉ ነው።

---

ሊቀመንበር_ቀለህ · እሑድ፣ ከጠዋቱ 3:15

ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ፣ ግን ትንሽ አበዙት። ሬዲንግ፣ ሊ፣ እነዚህ ፋብሪካዎች ሁሉ ለዚህ ሥራ ዕቃ እየሸጡ ነው። አደገኛ ቢሆን ይሸጡ ነበር? ሮል ሳይዘር የሚባለውን ማሽን ገዝተው በሰዓት በሺህ የሚቆጠር ቀለህ የሚያሽከረክሩ ነጋዴዎችም አሉ።

---

ጋሽ_ቶርኖ · እሑድ፣ ከጠዋቱ 4:20

ዕቃው ቅርጽ ያስተካክላል ብሎ ነው የሚሸጠው፣ ያንንም ይሠራል። የትኛውን ቀለህ እንደምታስገባበት የምትወስነው አንተ ነህ። አንድ ነገር አድርግልኝ ሊቀመንበር። ከእነዚያ "ምንም ካላደረጉህ" ቀለሆች በደንብ አብጠው የነበሩትን አምስት ስድስት አውጣና በሴጌቶ ከላይ እስከ ታች ሁለት ክፈላቸው። ከዚያ እንነጋገራለን።

---

ጋርላንድ_40 · እሑድ፣ ከቀኑ 8:50

በጣም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ በጥፍሬ ለየሁ፤ እርከን ያላቸው ብዙ ናቸው፣ ደንግጫለሁ።

አሁን አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ባለፈው ሳምንት ይህን ሳላውቅ 140 ያህል ጭኜ ጨርሻለሁ፤ ባሩድ፣ ፕራይመር፣ አረር፣ ሁሉም ገብቷል። ከነሱ ውስጥ ሠላሳ አንዱ በርሜል አይገቡም። ቡልጅ ባስተሩ ማክሰኞ ይደርስልኛል። ጥይቶቹን እንደተጫኑ ቀስ ብዬ ባሳልፋቸው ምን ይመስላችኋል? ማፍረሱ ሥራ ሆኖብኝ ነው።

---

እሙዬ_9ሚሜ · እሑድ፣ ከቀኑ 8:53

አይሆንም! አይሆንም! በፍጹም!

---

ሊቀመንበር_ቀለህ · እሑድ፣ ከቀኑ 8:55

ወንድሜ እባክህ አትሞክረው። በዚህ እኔም ከጋሼ ጋር ነኝ። እጅህን ከፕሬሱ አንሳ።

---

ጋሽ_ቶርኖ · እሑድ፣ ከቀኑ 9:30

ከቤተክርስቲያን ስመለስ ነው ያየሁት፣ ልቤ ቀጥ አለች።

ልጄ፣ ዘንጉ ቀለሁን የሚገፋው በምኑ በኩል ነው? በመቀመጫው። መቀመጫው መሃል ላይ ምን አለ? ፕራይመሩ። የፕሬሱ እጀታ ጉልበት ያባዛል፣ ለዚህ ነው ቀለሁ የሚያልፍልህ። ያበጠው ቦታ ዳዩ ላይ ሲይዝብህ አንተ አውቀህም ሳታውቅም ትጨምራለህ። ያ ሁሉ ጉልበት የሚያርፈው በፕራይመሩ ላይ ሊሆን ይችላል። ፕራይመር ደግሞ ሲነካ እንዲፈነዳ የተሠራ ነገር ነው። ጥይቱ ዳይ ውስጥ እንጂ በርሜል ውስጥ አይደለም፣ አረሩም ቀለሁም ወዴት እንደሚሄዱ አታዝዛቸውም። ባዶ ቀለህ ብቻ። ያለቀ ፕራይመር ቢኖርበት ግድ የለም፤ ያልተተኮሰ ፕራይመር ያለበት ግን ወደ ዘንጉ አይቀርብም።

ማፍረሻ መዶሻ አለ፣ ኢምፓክት ፑለር ይሉታል፣ ከፕላስቲክ የተሠራ። ጥይቱን ታስርበትና ጠንካራ እንጨት ላይ ሁለት ሦስቴ ስትመታው አረሩ ከነባሩዱ ወደ ጭንቅላቱ ይወድቃል። ለመያዣው ከመዶሻው ጋር የሚመጣውን ቁራጭ ተጠቀም፤ በሼልሆልደር የሚተካ ሰው አለ፣ እሱን አትስማ። መነጽር አድርግ። ያወጣኸውን ባሩድ ከምን ጋር እንደተቀላቀለ እርግጠኛ ካልሆንክ ወደ ጣሳው አትመልሰው።

አንድ ደግሞ፦ የቀሩት 109 ጥይቶች በርሜል ስለገቡ ብቻ ደህና ናቸው ማለት አይደለም። ቀለሆቻቸውን ሳትለያቸው ነው የጫንካቸው። እኔ ብሆን ሁሉንም ነበር የማፈርሰው።

---

የአራት_ኪሎ_ልጅ · እሑድ፣ ከምሽቱ 12:40

እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ ወሬው ጥሞኝ ነው የማነበው። ለእውቀት ያህል፣ ያበጠውን ቀለህ እሳት ላይ አሞቆ ማለስለስ አይቻልም? ወርቅ ሠሪዎች እንደዚያ ያደርጋሉ። ደግሞ ይህን ነገር እዚህ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል?

---

ጋሽ_ቶርኖ · እሑድ፣ ከምሽቱ 1:15

የመጀመሪያው ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱ ግን አይሆንም። የጠብመንጃ ቀለህ አፉንና አንገቱን ብቻ የሚያሞቁ አሉ፣ እዚያ ነሐሱ ለስላሳ መሆኑ ይጠቅማል። መቀመጫው ግን ጠንካራ መሆን አለበት፤ ግፊቱን ተሸክሞ የሚቆመው እሱ ነው። እብጠቱ ያለው ከመቀመጫው አጠገብ ስለሆነ እሱን ስታሞቅ መቀመጫውንም ታለሰልሳለህ። ለስላሳ መቀመጫ ያለው ቀለህ ካበጠ ቀለህ የባሰ ነው።

ሁለተኛው፣ አይቻልም። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ላይ የጦር መሣሪያና ጥይት ነገር ግልጽ ነው፣ ቤትህ ውስጥ ጥይት አትሠራም። እዚህ አሜሪካም ቢሆን ለራስህ መጫን ይፈቀዳል እንጂ ለመሸጥ ከጫንክ የፌዴራል ፈቃድ ያስፈልግሃል። ቪዛ ላይ ያላችሁ ልጆችም ስሙ፦ ግሪን ካርድ ያለውና በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ጥይት በመያዝ ረገድ እኩል አይደሉም። መጀመሪያ ጠበቃ፣ ከዚያ ፕሬስ።

---

አወያይ · እሑድ፣ ከምሽቱ 1:40

አንድ የባሩድ መጠን የተጻፈበት መልስ አንስቻለሁ። የባሩድ ልክ እዚህ አይለጠፍም፤ የአምራቹን መመሪያ መጽሐፍ ክፈቱ። የተቀረው ይቀጥል።

---

ማሚቱ_ሚኒሶታ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 12:20

የሌሊት ፈረቃ ጨርሼ ነው የምጽፈው፣ ነርስ ነኝ። ስለ ሽጉጥ ምንም አላውቅም፣ ባለቤቴ ነው የሚተኩሰው። ግን "አጠብኩት" የሚለውን ቃል ሳነብ ማለፍ አልቻልኩም። በምን? የት?

የተተኮሰ ቀለህ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ጥላሸት ብቻ አይደለም። ከፕራይመሩ የመጣ እርሳስ አለበት። በደረቁ በሚሽከረከረው ማሽን ሲጸዳ ያ ዱቄት ይቦናል። ባለቤቴ ጋራዡን ዘግቶ ያንን ሲያበጥር ሦስት ዓመት የሞላው ልጃችን እግሩ ሥር መኪናውን ሲያሽከረክር አገኘሁት። እዚህ አገር ለልጆች ደም ውስጥ እርሳስ ከ3.5 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ጀምሮ ትኩረት ይሰጠዋል፣ ከ2021 ወዲህ። ልጁን አስመረመርኩት፣ ደህና ነው፣ ተመስገን። የቡናው ማጥለያና የፓስታው ማጥለያ ግን ጋራዥ ውስጥ መገኘታቸውን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም።

በውሃ እጠቡት፣ ውጭ፣ ጓንት አድርጋችሁ፣ ልብሳችሁን ለይታችሁ። እጃችሁን ሳትታጠቡ ጎርሱልኝ እንዳትሉ።

---

እሙዬ_9ሚሜ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:05

ማሚቱዬ እግዜር ይስጥልን። እኔም በውሃ ነው የማጥበው፤ ትንሽ የዕቃ ሳሙናና የሎሚ ጨው። ብዙ ሎሚ ከጨመራችሁ ነሐሱ ሮዝ ይላል፣ በቁንጥጫ ይበቃል።

አሞንያ ያለበት ማጽጃ ግን ፈጽሞ አታስጠጉት። እንግሊዞች ህንድ ውስጥ ጥይት ሲያከማቹ በዝናብ ወራት ቀለሆቹ ሳይነኩ ይሰነጠቁባቸው ነበር። ጥይቱ የሚቀመጠው ፈረስ ጋጣ ውስጥ ነበር፤ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞንያ ነው ሲሰነጥቀው የኖረው። ምክንያቱ በደንብ የታወቀው በ1921 ነው። የሚሰነጠቀው ደግሞ የትኛውም ነሐስ አይደለም፣ ሲቀረጽ ውስጡ ውጥረት የቀረበት ነው። ያበጠና ተመልሶ የተጨመቀ ቀለህ ምን ያህል ውጥረት እንደያዘ አስቡት።

---

ሊቀመንበር_ቀለህ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:30

ጋሼ፣ አደረግኩት።

ስድስት ቀለህ መርጬ በሞርሳ አሰርኳቸው፣ በሴጌቶ ቁመታቸውን ከፈልኳቸው፣ የተቆረጠውን ፊት በአሸዋ ወረቀት አለሰለስኩ። የልጄን አጉሊ መነጽር ተበደርኩ።

ከሥር ያለው ነሐስ ድፍን ነው፣ እንደ ጉቶ። ከዚያ ግድግዳው ከዚያ ጉቶ ላይ ይነሳና እየሳሳ ወደ አፉ ይሄዳል። የሚያብጠው ቦታ ጉቶው አልቆ ግድግዳው የሚጀምርበት መገናኛ ላይ ነው፣ ከዚያ ዝንፍ አይልም። አራቱ ደህና ይመስላሉ። አምስተኛው ላይ በውስጥ በኩል፣ ልክ መገናኛው ላይ፣ ግድግዳው ከሌላው ጎን ስስ ሆኖ ገብ ያለ ቦታ አለው። ውጪውን ብታዩት በዳዩ አልፎ አዲስ እንደወጣ ሳንቲም ያበራል፤ ካሊፐር ላይ 0.423 ነው። ስድስተኛው የውስጥ ማዕዘኑ ላይ ፀጉር የምታክል ጥቁር መስመር አላት። ጥፍሬን አስገባሁባት፣ ያዘችኝ።

ይቺን ስድስተኛ አምና ሳልተኩሳት አልቀርም። ስንት ጊዜ እንደተኮስኳት አላውቅም፣ ባልዲው አንድ ነው። ዛሬ ማታ ባልዲውን ዘርግፌ ወለል ላይ ተቀምጫለሁ፣ ባለቤቴ "ምስር ነው የምትለቅመው?" ብላ አለፈች።

---

ጋሽ_ቶርኖ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:00

ጎበዝ። እውነቱን ለመናገር አንድ እንኳ ታገኛለህ ብዬ እርግጠኛ አልነበርኩም። እንደዚያ ዓይነቱ ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ቁጥር የለኝም። ግን ውጪውን በማየት የማይለይ ነገር መኖሩን በእጅህ ያዝከው። እነዚያን ሁለት ግማሾች አስቀምጥልኝ፣ ዴንቨር ስትመጣ አሳየኝ።

ለጋርላንድም አንድ የቀረ አለኝ። የራስህንም በርሜል መርምር፤ የተገዛው ቀለህ ብቻ አይደለም ተጠርጣሪው። በርሜሉን አውጣ፣ አዲስ የፋብሪካ ባዶ ቀለህ ጣልበት፣ ከመወጣጫው በኩል አዙረህ እየው። ከብረቱ ውጪ የሚታይህ ነሐስ ያ የድፍኑ መቀመጫ ብቻ ከሆነ ጥሩ ነው። ከዚያ አልፎ ግድግዳው ከታየህ አንተም ራስህ ነህ ቦርጭ የምታወጣው። ያኔ የተሻለ ድጋፍ ያለው በርሜል ብትገዛ ቀለሁም አንተም ታርፋላችሁ። አዲሶቹ በርሜሎች ጠበብ ይላሉ፣ አንዳንዱ ጥይትህ መግባት እምቢ ይላል፣ አይክፋህ።

ደግሞ የጫንከውን ጥይት አረሩን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈህ በአውራ ጣት ግፋው። ወደ ውስጥ ከሰመጠ አትተኩሰው። በ.40 ላይ አረሩ ትንሽ ወደ ውስጥ ከገባ ለባሩዱ ያለው ቦታ ይጠባል፣ ግፊቱ ሽቅብ ይወጣል። ብዙ ሰው ቦርጩን በርሜሉ ላይ ያሳብባል፣ ጥፋቱ ግን እዚያ ይገኛል።

---

ጋርላንድ_40 · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:45

ሪፖርት ላድርግ።

140ውንም አፈረስኳቸው። ጋሼን ሰምቼ ነው እንጂ 109ኙን ለማዳን ልቤ ይፈልግ ነበር። ሁለት ማታ ፈጀ። የላይኛው ፎቅ ጎረቤቴ በሁለተኛው ቀን መጥቶ "ቤት ውስጥ ሥጋ ነው የምትቀጠቅጠው?" አለኝ፣ ቴክሳሳዊ ነው፣ ሳስረዳው ገብቶት አረር የሚያወጣ ፒንሳ መሳይ ነገር አመጣልኝ። ከሱ ይልቅ መዶሻው ይሻለኝ ነበር፣ ግን አልነገርኩትም።

ሁሉንም ባንድ ላይ ስለይ 638 ቀለህ ነበረኝ። 71ዱ እርከን ወይም መስመር አላቸው፣ በፒንሳ ጨፍልቄ በጣሳ አስቀመጥኳቸው። አንዱ ከውጭ ሳይቀር የተሰነጠቀ ነበር፣ ጭኜው ነበር ደግሞ፤ ከ109ኙ "ደህናዎች" አንዱ ነው፣ በርሜል ሲገባ "ጧ" ይል ነበር። ለስላሳ እብጠት ያላቸው 96 ናቸው፣ እነሱን አሳለፍኳቸውና መቀመጫቸው ላይ በማርከር ነጥብ አደረግኩ፣ ሁለተኛ ካበጡ እንዳላሳልፋቸው።

በርሜሌን አየሁት ጋሼ። ግድግዳው ይታያል። በጣም አይደለም፣ ግን ይታያል። አዲስ በርሜል አዝዣለሁ፣ እስኪመጣ የፋብሪካ ጥይት ብቻ።

ማሚቱዬ፣ የፓስታ ማጥለያውን ለባለቤቴ አዲስ ገዝቻለሁ፤ አሮጌውን የት እንዳደረስኩት እንዳትጠይቂኝ። እሙዬ፣ የሎሚ ጨው ቁንጥጫ ስትዪ ለስንት ቀለህ ነው? የእኔ ሁሉም ሮዝ ሆነዋል።

---

እሙዬ_9ሚሜ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4:02

ለሁለት መቶ ቀለህ የሻይ ማንኪያ ሩብ እንኳ አይሞላም። ሮዙ የላይ የላዩ ነው፣ በደረቅ ጨርቅ ካሸኸው አብዛኛው ይለቃል። ውሃ ውስጥ አሳድረኸዋል አይደል?